ሕዝበ ውሳኔው ካለፈ በኋላ ገንዘቡ፣ ዕዳውና ወደቡ የማን ነው?

ሰበታ_አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሰበታ በቅዳሜ ውይይታችን የሚቀጥለው ርእስ የመገንጠል ሕዝበ ውሳኔ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 የማይጠቅስ ሰው የለም። ድምፁ በተቆጠረ ማግስት ስለሚመጣው ስጠይቅ ግን ሁሉም ዝም ይላል። መገበያያው ምን ይሆናል? የውጭ ዕዳውን ማን ይከፍላል? ወደቡስ? ሕጉ የሚለውንና ሌሎች አገሮች የተሰናከሉበትን የምታውቁ ብትነግሩኝ።

የፉሪው_ጠበቃ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ሁለት ነገር ለይተሽ አቅርቢላቸው። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ የሰጠው በአንቀጽ 47 ነው፤ እዚያው ፌዴሬሽኑ ውስጥ ክልል ለመሆን። መገንጠል በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው የሚመራው። የብሔሩ ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ ሥልጣኑን ለምክር ቤቱ ያስረክባል፤ የንብረት ክፍፍሉ በሕግ በሚወሰነው መሠረት ይፈጸማል።

ስለ ዕዳ፣ ስለ መገበያያ ገንዘብ፣ ስለ ዜግነት አንቀጹ ምንም አይልም። ስንት መራጭ መውጣት እንዳለበትም አልተጻፈም። በደቡብ ሱዳን ከተመዘገበው መራጭ 60 በመቶው ካልመረጠ ውጤቱ እንዳይጸና አስቀድሞ ተደንግጎ ነበር። ሞንቴኔግሮ በ2006 እ.ኤ.አ. 55 በመቶ ድጋፍ ተጠየቀች፣ 55.5 አግኝታ አለፈች። መስፈሪያው ቀድሞ ባይስማሙበት ኖሮ ያቺ ግማሽ ነጥብ ስንት ጠብ ባነሣች! ሦስቱን ዓመት እንደ መጓተት የሚያዩ አሉ፤ በእኔ እምነት ግን የአንቀጹ ጥሩ ነገር እሱ ነው፤ መደራደሪያ ጊዜ ይሰጣል።

ገላን_ባንክ፦
ስለ ገንዘቡ ከኤርትራ የተሻለ ትምህርት የለም። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 በተሰጠው ድምፅ 99.8 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ብሩ ግን እስከ 1990 መጀመሪያ የሁለቱም አገር መገበያያ ሆኖ ቆየ። ኖቱን የምታወጣው አዲስ አበባ፣ በብሩ በጀት የሚይዙት ሁለት መንግሥታት! አስመራ ናቅፋን ስታወጣ ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ለአንድ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ጠየቀች። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም፤ የብር ኖቷን ቀየረች፣ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) እና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። የአነስተኛው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ጤፍ ጭኖ የሚሻገር ነጋዴ ዶላር ከየት ያምጣ? በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣ። መንሥኤው ገንዘቡ ብቻ ነበር አልልም፤ ድንበሩም መሬት ላይ አልተሰመረም ነበር። ሁለቱም ግን ከድምፁ በፊት ማለቅ የነበረባቸው ጉዳዮች ናቸው። የአሰብ ጭነትም ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በገላንና በዱከም የሚያልፈው የኮንቴይነር ሰልፍ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዕዳን በተመለከተ፣ አበዳሪ ያበደረው ለነባሩ መንግሥት ነውና ያለ እሱ ፈቃድ ውሉ ወደ አዲሱ አይዞርም። ስለዚህ ነው የብሪታንያ ግምጃ ቤት ከስኮትላንድ ድምፅ በፊት፣ በጥር 2014 እ.ኤ.አ.፣ ያለውን ዕዳ ሁሉ እኔ እከፍላለሁ፣ ስኮትላንድ ከወጣች ድርሻዋን ለእኔ ትከፍላለች ብሎ ያስታወቀው። ገበያው እንዳይደናገጥ ነው።

ዱከም_ትራንዚት፦
ወደብ ለሌለው አገር ዋናው ነገር የመተላለፊያ ክፍያ ነው። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ነፃ ስትወጣ ነዳጁ በእሷ መሬት፣ ቧንቧውና ወደቡ በሱዳን ቀሩ። ክፍያው አልተቆረጠም ነበር። ካርቱም በበርሜል 36 ዶላር አካባቢ ጠየቀች፣ ጁባ እጅግ ያነሰ አቀረበች። ካርቱም ነዳጁን በዓይነት መውሰድ ስትጀምር፣ ጁባ በጥር 2004 በቀን 350,000 በርሜል ገደማ የሚያወጡትን ጉድጓዶች ዘጋች። የመንግሥቷ ገቢ 98 በመቶው ከዚያ ነበር! የተስማሙት እዚሁ አዲስ አበባ፣ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 2005 ነው፤ እንደ ቧንቧው 9.10 ወይም 11 ዶላር፣ በዚያ ላይ ጠቅላላው 3.028 ቢሊዮን እስኪሞላ በበርሜል 15 ዶላር ማካካሻ። ይህ ቁጥር ከድምፁ በፊት ቢጻፍ ኖሮ ጉድጓዶቹ ባልተዘጉ።

ሰበታ_አወያይ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ዜግነቱስ? በሁለቱም በኩል ዘመድ ያለው ሰው ምን ይሆናል?

የፉሪው_ጠበቃ፦
እሱ ነው የሚያስፈራኝ። በ1985ቱ ድምፅ ለመመዝገብ በኤርትራ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 21/1992 (ዓመቱ በእ.ኤ.አ. ነው) መሠረት ዜጋ መሆን ይጠየቅ ነበር። አዲስ አበባ የሚኖሩትም ካርድ አውጥተው መረጡ፣ ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን ይዘው ኖሩ። ጦርነቱ ሲነሣ ያው ምዝገባ ኢትዮጵያዊነትን እንደ መተው ተቆጠረባቸውና ብዙዎች ተባረሩ። የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ሰዎቹ የሁለቱም አገር ዜግነት ነበራቸው ያለው በ1997 ነው፤ ቤቱም ቤተሰቡም ከተበተነ በኋላ። ለውይይቱ አንድ ወረቀት ብቻ ይዘሽ ከገባሽ የመራጭ ምዝገባ ቅጽ ይሁን። መመዝገብ ዜግነትን እንደማይለውጥ፣ የዜግነት ምርጫው እስከ ስንት ጊዜ በጽሑፍ እንደሚገለጽ፣ የሠራበትን ዘመን ጡረታ የትኛው መንግሥት እንደሚከፍለው ቅጹ ላይ መኖሩን ጠይቂያቸው።