ከሩሲያ የሚመለሱ ቁስለኞች በሴፒያ፦ ጥላው ጭቃ ሆነብኝ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1812 ከናፖሊዮን ዘመቻ የሚመለሱ ቁስለኞችን በሮማንቲክ ዘመን አሣሣል፣ በሴፒያ (ቡናማ የውሃ ቀለም) እና በብሩሽ እየሣልኩ ነው። ጥላውን ስደግመው ጭቃ ይመስላል፤ በነጭ ጎዋሽ (ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) የሠራሁት በረዶ ደግሞ የኖራ ልቅላቂ ሆነ። የሰዎቹም ስቃይ ቲያትር ቲያትር ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ 1
ሴፒያ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲነካው ይነሣል። ስለዚህ ብሩሹን አንዴ አሳልፈው ይተዉት፤ ከፈተጉት ጭቃ ነው። ሦስት ብርጭቆ አስቀድመው ይበጥብጡ፦ አንድ እጅ ቀለም በአሥር እጅ ውሃ፣ አንድ በአራት፣ አንድ በአንድ። ከቀጭኑ ይጀምሩ። ወረቀቱን በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ቅዝቃዜው እስኪጠፋ ድረስ ሁለተኛውን አይንኩ። ወፍራሙን ለጥቂት ቦታ ብቻ ያቆዩት፤ በየቦታው ከተበተነ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ይሁን፤ ስሱ ይጨማደድና ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል።

ለበረዶው ባዶው ወረቀት ይበቃል። ጎዋሽ ካስፈለገ ፈዛዛ ቡናማ ወረቀት ላይ፣ ከሁሉም በኋላ፣ ለራስ ቁር ጠርዝና ለፋሻ እጥፋት ብቻ። በጎዋሽ ላይ ሴፒያ ከደረቡ ሁለቱ ተቀላቅለው ይደፈርሳሉ።

መልስ 2
ስለ ቲያትሩ ልጨምር። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዤሪኮን «ከሩሲያ መመለስ» የተባለ የ1818 ሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል) ረጋ ብለው ይዩት። አንድ እጁን ያጣ ወታደር፣ ዓይኑን ያጣ ጓደኛው የተቀመጠበትን ፈረስ እየመራ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። እጅ ወደ ሰማይ ማንሣት የለም። ኅትመቱም በሁለት ድንጋይ ነው፦ አንዱ ጥቁሩን፣ ሌላው ፈዛዛ ቡናማውን።

ፊቱን ለመጨረሻ ይተዉት። መጀመሪያ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ይወስኑ። በጤነኛ ሰው ከአንገት ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር በዚያው እግር ላይ ያርፋል፤ የዛለ ሰው መስመር ግን ከእግሩ ወደፊት ያልፋል፤ ምርኩዙ ወይም ጓደኛው ነው የያዘው። ይህ ከተሳሳተ የፊቱ እንባ አያድነውም።

ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያም «የጦርነት መቅሰፍቶች» በተባሉት የመዳብ ኅትመቶቹ በብዙዎቹ ዳራውን ከሞላ ጎደል ባዶ ትቶታል። ተከታታዩ የታተመው እሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ነው።

ጠያቂ
እጅግ አመሰግናለሁ። መስመሩን በብረት ቀለም (ከብረት ጨውና ከታኒን በሚሠራው የድሮ የጽሕፈት ቀለም) ባወጣውስ?

መልስ 1
ይቻላል፤ ግን ሲሣል ፈዛዛ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ ሴፒያውን ከማሳለፍዎ በፊት አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ አለበለዚያ በማግስቱ መስመሩ ጥላውን ይውጠዋል። አሲድ ስላለውም በወፍራሙ ካሰመሩ ውሎ አድሮ ወረቀቱን ይበሳል።