ካሪቢያን ለመሻገር ባለሸራ ጀልባ፦ 9.5 ሜትር ወይስ 14 ሜትር?

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግሪክ ካለው ታላቅ ወንድሜ ጋር ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ገዝተን፣ ከሜዲትራኒያን በካናሪ ደሴቶች አድርገን ካሪቢያን ለመሻገር አስበናል። ተሳፋሪዎቹ እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ ርዝመቷ 9.5 ሜትር፣ ወርዷ 3.25 ሜትር፣ ክብደቷ 3.8 ቶን የሆነች ጀልባ በርካሽ አግኝቶ ልቡ ተነሥቷል። እኔ ደግሞ ውቅያኖስ ከሆነ አይቀር 14 ሜትር ይሁን ባይ ነኝ። ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ መንዳት አውቃለሁ፤ ለሸራ ግን አዲስ ነኝ። መጠኑን የሚወስነው ምንድን ነው?

ደቀል

ከርዝመት አትጀምሩ። ሻጭ በሜትር ስለሚያወራ ሁሉም በሜትር ያስባል እንጂ፣ ለረጅም ጉዞ ዋናው ነገር የጀልባዋ ክብደትና የምትሸከመው ጭነት ነው። ወረቀት አውጡና ጭነታችሁን በኪሎ ደምሩ።

ውሃ ለሁለት ሰው በቀን 8 ሊትር። ከላስ ፓልማስ እስከ ሴንት ሉሲያ ወደ 2,700 የባሕር ማይል ስለሆነ 22 ቀን ያዙ፤ ነፋስ ቢጠፋ ወይም ምሰሶ ቢሰበር ብላችሁ ግማሹን ስትጨምሩበት 264 ሊትር ይመጣል፣ 300 በሉት። 200 ሊትር ናፍጣ ወደ 170 ኪሎ ነው። ምግብ፣ መድረሻ ወደብ ላይ የሚበላውንም ጨምሮ ለሁለት ወር 240 ኪሎ። መልሕቅ ከ60 ሜትር ባለ 10 ሚሊ ሰንሰለት ጋር 160፣ መጠባበቂያ መልሕቅ ከነገመዱ 40፣ ወደ ባሕር ዳርቻ የምትመላለሱባት የጎማ ጀልባ ከነሞተሯ 65፣ የነፍስ አድን ጀልባ 35፣ መፍቻና መለዋወጫ 150፣ እናንተ ከነልብሳችሁና ከነኮተታችሁ 230። ድምሩ 1,390 ኪሎ ነው።

ይህ ጭነት ለ3.8 ቶን ጀልባ 37 በመቶ ይሆናል። ከውሃ መስመሯ ወደ 8 ሳንቲም ዝቅ ትላለች፤ ማዕበል ሲመጣ ከላዩ መውጣት ትታ በመሀሉ ታልፋለች፣ ላይኛው ወለሏ (ደኳ) ሁልጊዜ ውሃ ይሆናል። የባሰው ግን የማይታየው ነው። ከባድ ጀልባ ነፋስ ሲመታት በቀላሉ ስለማትጋደም ኃይሉ በሙሉ ምሰሶውን በሚወጥሩት የብረት ገመዶች ላይ ያርፋል፤ እነሱ ደግሞ የተሠሩት ለቀላል ጀልባ ነው። ያው ጭነት በ7.8 ቶን ጀልባ ላይ 18 በመቶ ብቻ ነው። ከ20 በመቶ ባያልፍ ይሻላል። ከ7 እስከ 8 ቶን የሚመዝኑ የጉዞ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ10.5 እስከ 12 ሜትር ናቸው፤ ርዝመታችሁ እዚያ ውስጥ ነው።

ማዕበል ጠባቂ

ደቀል ታችኛውን ወሰን ተናግሯል። ላይኛውን የሚወስነው ሌሊት ብቻውን ተረኛ የሆነው ሰው ነው። ሁለት ሰው ስትሆኑ አንዱ ሲተኛ ሌላው ብቻውን ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ጀልባዋ የአንድ ሰው ጀልባ መሆን አለባት።

11 ሜትር አካባቢ ያለች ጀልባ ዋና ሸራዋ 30 ካሬ ሜትር ግድም ነው። በ14 ሜትር ላይ ከ50 ካሬ ያልፋል። ነፋሱ ከ15 ወደ 30 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ሲጨምር ሸራው ላይ ያለው ኃይል እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። በጨለማ ሸራ ማሳጠር ሲመጣ 30 ካሬውን አንድ ሰው በእጅ ዊንች (ገመድ መጠቅለያ) ያወርደዋል፤ 50ውን ግን ያለ ኤሌክትሪክ ዊንች ይታገለዋል እንጂ አያሸንፈውም። ኤሌክትሪክ ደግሞ ጨው ውሃ ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

መልሕቁንም አስቡት። 15 ሜትር ጥልቀት ላይ የመልሕቅ ዊንቹ ቢቃጠል፣ በ11 ሜትር ጀልባ የምትጎትቱት 20 ኪሎ መልሕቅና 35 ኪሎ ያህል ሰንሰለት ነው፤ ወገብ ያማል እንጂ ይወጣል። በ14 ሜትር መልሕቁ ከ30 ኪሎ በላይ፣ ሰንሰለቱ 12 ሚሊ ሲሆን አንድ ላይ ከ80 ኪሎ ይበልጣል።

ወጪው በርዝመት አይሄድም፣ ከክብደት ጋር ነው የሚሄደው፤ ክብደት ደግሞ ከርዝመቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ከ11.3 ወደ 14 ሜትር ስትሄዱ ርዝመቱ በሩብ እንኳ አልጨመረም፣ ጀልባዋ ግን ወደ እጥፍ ትጠጋለች። ሸራው፣ የብረት ገመዱ፣ የታች ቀለሙ፣ ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው ኪራይ) ሁሉ ይከተላል።

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)

እግዜር ይስጥልን። ወንድሜ ግን «በትንሽ ጀልባ ዓለምን የዞሩ አሉ» እያለ ይሞግተኛል። በዚያ ላይ ትልቅ ጀልባ ፈጣን ነው አይደል? ካታማራንስ?

ደቀል

ወንድምህ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1898 ብቻውን የዞረባት ስፕሬይ 11.2 ሜትር ነበረች። ሮቢን ኖክስ ጆንስተን በ1968 ተነሥቶ በ312 ቀን ሳያቆም የዞረባት ሱሃይሊ ደግሞ 9.8 ሜትር። ሁለቱም ከባድ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው፤ ርዝመቷ እንጂ ክብደቷ ከ3.8 ቶኗ ጋር አይገናኝም።

ፍጥነቱን አስሉት። ውሃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ2.43 ስታበዙ የጀልባዋን ጣሪያ ፍጥነት በኖት ታገኛላችሁ። የወንድምህ ጀልባ 8.2 ሜትር ውሃ ብትነካ 7 ኖት፣ 11.3 ሜትሯ 9.6 ብትነካ 7.5፣ 14 ሜትሯ 12.2 ብትነካ 8.5 ነው። ቀንና ሌሊት አማካይ ሲወጣለት 5፣ 5.6 እና 6.5 ያህል ብትይዙ፣ ያ 2,700 ማይል 22 ቀን ተኩል፣ 20 ቀንና 17 ቀን ይፈጃል። ለ3 ቀን ብላችሁ እጥፍ ጀልባ አትግዙ።

ካታማራን (ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ) አይጋደምም፣ ሰፊ ነው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ይገባል። ነገር ግን ጭነት ሲበዛበት ከማንም በላይ ይጎዳል፣ ማሪናው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያስከፍላል፣ ከተገለበጠ ደግሞ ራሱ አይመለስም። በእናንተ በጀት አልመክርም።

ማዕበል ጠባቂ

የመገልበጥ መመዘኛውን ሳትሠሩ ገንዘብ አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የፋስትኔት ውድድር 15 ተወዳዳሪዎች ከሞቱ በኋላ የወጣ ቀላል ስሌት ነው። የጀልባዋን ክብደት በቶን ለ1.025 አካፍሉ፣ የውጤቱን ኩብ ሩት አውጡ፣ ወርዷን በሜትር ለእሱ አካፍሉ። ከ2 በታች ከሆነ ለውቅያኖስ ያልፋል። የወንድምህ ጀልባ፦ 3.8 ለ1.025 ሲካፈል 3.71፣ ኩብ ሩቱ 1.55፣ 3.25 ለ1.55 ሲካፈል 2.1። ወደቀች። ወርዷ 3.6 ሜትር፣ ክብደቷ 7.8 ቶን የሆነች ጀልባ 1.83 ታመጣለች።

ስታሰሉ የባዶ ጀልባዋን ክብደት ተጠቀሙ። ጭነት ከጨመራችሁበት ቁጥሩ ያምራል፣ ጭነቱ ግን ላይኛው ወለል ላይ ከታሰረ መረጋጋቱን ያባብሳል። ስሌቱ ክብደቱ የት እንዳለ አያውቅም፤ ኪሉ (ከጀልባዋ ሆድ በታች ያለው ከባድ ክንፍ) ላይ ያለ እርሳስም ምሰሶ ጫፍ ላይ ያለ ራዳርም ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህ ሻጩን ተጋድማ ተመልሳ መቆም የማትችልበትን ማዕዘን ጠይቁት፤ 120 ዲግሪና ከዚያ በላይ ብትሆን ጥሩ ነው።

ኪሎና ገመድ

መጠኑ ላይ ከተስማማችሁ፣ ስትገዙ ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛ የኪሉ ብሎኖች፦ ዙሪያቸው ዝገት የሚያነባ ከሆነ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ምሰሶውን የሚወጥሩት ገመዶች ወለሉን በስተው የሚታሰሩባቸው ብረቶች፤ ከውጭ ያበራሉ፣ ወለሉ ውስጥ በተደበቀው በኩል ይበላሉ። ገመዶቹ ራሳቸው 10 ዓመት ካለፋቸው መቀየሪያቸውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሦስተኛ ወለሉን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ጤነኛው ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ መሀሉ ያለው እንጨት የበሰበሰበት ቦታ ላይ ድምፁ ይታፈናል። እንዲህ ያለው በምሰሶው ሥር ከተገኘ ጀልባዋን ተዉአት።

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)

ወንድሜ ስሌቱን ሲያይ ዝም አለ፤ ከ11 እስከ 11.5 ሜትር ልንፈልግ ነው። እስከዚያ ሐይቃችን ላይ ሸራ ብለማመድ ይጠቅመኛል?

ደቀል

በጣም። ከ4 እስከ 4.5 ሜትር የሆነች ትንሽ ባለሸራ ፈልግ ወይም አሠራ፤ ትልቅ ጀልባ ስህተትህን ዋጥ ታደርጋለች፣ ትንሿ ግን ወዲያው ታጋድምሃለች። ጠዋት ውሃው ሲረጋ ከነፋስ ጋር መዞር ተማር፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ሸራ ማሳጠር ተለማመድ። የነፍስ አድን ጃኬት ሁልጊዜ፣ ጉማሬ ከሚወጣበት ሸምበቆ ራቅ። ሐይቁ የማያስተምርህ የውቅያኖስን ረጅም ሞገድና የሌሊት ተራን ነው፤ ለዚያ ግሪክ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት የሚፈጅ ጉዞ ከካናሪ በፊት አድርጉ። ከካናሪ መነሻው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲያልቅ።

ስለ ጎማ ጀልባዋ ሞተር አንድ ነገር፦ ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተር እዚያ ከኃይሉ 15 በመቶ ያህል ያጣል። እዚያ 8 ፈረስ የሚያስፈልገውን ሥራ ባሕር ላይ 7 ፈረስ ያህል ይሠራዋል። ከሐዋሳ ይዘህ አትሂድ፤ ካርቡራተሩ ለከፍታ ነዳጅ እንዲቀንስ ተደርጎ ከሆነ ባሕር ጠረፍ ላይ ነዳጅ ያንሰውና ግሎ ፒስተኑን ይበላል።