«ተንፍሺ» ስላት ትስባለች! በምን ቃል ልጻፍላት? (አስቸኳይ)

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ቤቶች። አክስቴ ዛሬ የአስም መድኃኒት ታዞላት መጣች፣ ያቺ አፍ ላይ ተደርጋ የምትጫነዋ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ መጀመሪያ ኤክስሄል አድርጉ ይላል፣ አየሩን ከሳንባ አስወጡ ማለቱ ነው። እኔ «ተንፍሺ» እላታለሁ፣ እሷ ደረቷን ነፍታ አየር ትስባለች። ከዚያ ስንጫነው መድኃኒቱ የሚገባበት የለም፣ በአፏ ተመልሶ ይወጣል፣ ያስላታል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ባከነ። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት አዲስ አበባ ተሳፋሪ ነኝ፣ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ልለጥፍላት ነው። ትክክለኛው ቃል ምንድን ነው? ቶሎ በሉ እባካችሁ።

ጦሳ ሥር፦
ተንፍሺ ማለት እኮ አስወጪ ማለት ነው። ጎማ ተነፈሰ ሲባል አየር ገባበት ማለት ነው እንዴ? ቃሉ ምንም አልሆነም፣ አክስትህ ደንግጣ ነው። መጀመሪያ አረጋጋት።

የባጃጅ ሰው፦
የኔ ጎማ ዛሬ ቦርከና ድልድይ ጋ ሁለቴ ተነፈሰ። አክስትህ አየር አያያዝ ብታስተምርልኝ ወላሂ እከፍላታለሁ።

መምህሩ፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ነፈሰ፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ደሴዎች መናፈሻ የምትሉት ሰፈራችሁም ስሙ ከዚሁ ነው፣ ሰው ወጣ ብሎ አየር የሚቀበልበት ማለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 2፥7 ላይ ደግሞ «የሕይወት እስትንፋስን እፍ አለበት» ይላል፣ ተነፈሰበት አይልም። ወደ ውጭ ብቻ የሚሄደው እፍ ነው። ተነፈሰ ግን ሁለት አቅጣጫ አለው። «ንጹሕ አየር ተነፈስኩ» ስትል ወደ ውስጥ ነው፣ «ለማንም እንዳትተነፍስ» ስትል ወደ ውጭ ነው፣ «አሁን ተንፈስ አልኩ» ስትል ሳንባም የለበትም፣ የወጣው ጭንቀት ነው። ስለዚህ ጦሳ ሥር፣ ጎማውን ብቻ ይዘህ አትፍረድ።

ጦሳ ሥር፦
ንጹሕ አየር ተነፈስኩ የሚለው የሬዲዮ አማርኛ ነው። እናቴ አየር ተቀበልኩ ነው የምትለው።

ሰኞ ገበያ፦
ቆይ፣ አክስትህን አንቺ ነው የምትላት? እኛ ጋ አንቱ ነው። «ይተንፍሱ» ብለህ ጻፍ፣ መጀመሪያ አክብራት።

የኮምቦልቻው፦
ኧረ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ አንቱ ብላት ታመመ ብላ ጠበል ትወስደኛለች። ቃሉን ንገሩኝ፣ ሻንጣዬን እንኳ አላሰርኩም።

እማ ቡና፦
እሳት እፍ እንደምትይው አድርጊ በላት። እፍ የማያውቅ የወሎ ሴት የለችም።

አልፎ ሂያጅ፦
ተንፍሺ አትበላት፣ አስወጪ በላት። አለቀ።

የባጃጅ ሰው፦
አስወጪ ብቻ ብለህ እንዳትለጥፍ፣ ጎረቤት ሲገባ ማንን ነው የምታስወጪው ይላታል።

የማታ ተረኛ፦
ክሊኒክ ነው የምሠራው፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ማዳመጫውን ጀርባ ላይ አድርገን «በረጅሙ ተንፍሺ» እያልን ያስለመድናቸው እኛ ነን። እዚያ የምንፈልገው ስበው እንዲያስወጡ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚጀምረው ከመሳቡ ነው። አክስትህ የለመደችውን ነው ያደረገችው፣ አልደነገጠችም። እና ተንፍሺ የሚለውን ከወረቀቱ ጨርሰህ አውጣው። እፍ ለማስረዳት ጥሩ ነው፣ ግን የእሳቱ እፍ አጭርና ኃይለኛ ነው። ይሄኛው ቀስ ብሎ፣ እስኪያልቅ ነው። እንዲህ ጻፍ፦ «ናጪው። ቀና ብለሽ ተቀመጪ። ፊትሽን ከመድኃኒቱ ዞር አድርገሽ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አውጪ። ከንፈርሽን ግጥም አድርጊበት። ቀስ ብለሽ መሳብ ስትጀምሪ ተጫኚ፣ መሳብሽን አታቋርጪ። እስከ 10 እየቆጠርሽ ያዢ። አውጪ።» ሁለተኛ ፓፍ (ሁለተኛ መጫን) ከታዘዘላት ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ትቆይ። አውጪ፣ ሳቢ፣ ያዢ፣ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ፣ በትልቁ። ይሄ የምትጫነዋን ነው፣ ዱቄት ያለበት ዓይነት ከሆነ አይናጥም፣ አሳሳቡም በኃይልና በፍጥነት ነው። የትኛው ነው? ደግሞ ማውራት እስኪያቅታት ትንፋሽ ካጠራት ቃል አትምረጡ፣ ሆስፒታል ውሰዷት።

መምህሩ፦
«ትንፋሽሽን አውጪ» ጥሩ ነው። «ሳቢ» ግን የሲጋራ ይመስላል።

የማታ ተረኛ፦
ይምሰላ! ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይሄን መድኃኒት ስናስረዳው ቶሎ ይገባዋል፣ የሚያስቀን እሱ ነው። ማግ አድርጊ ብትላትም ያው ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ቆይ ግን ማንበብ ትችላለች? ማንም አልጠየቀም እኮ።

የኮምቦልቻው፦
...

እማ ቡና፦
ነጥብ ብቻ ላክህ እኮ።

ጦሳ ሥር፦
ካላነበበች ሦስት ሥዕል ሣልላት፣ ቀስት ከአፍ ወደ ውጭ፣ ቀስት ወደ ውስጥ፣ ከዚያ የተዘጋ አፍ። ለነገሩ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲመጣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ እዚህ ብትሆን ቃል ሳያስፈልጋት ታስወጣው ነበር።

አልፎ ሂያጅ፦
አስወጪ በላት አልኩ እኮ።

የማታ ተረኛ፦
11 ሰዓት አለፈ። ተሳፈርክ? የምትጫነዋ ናት ወይስ ዱቄቷ?

የባጃጅ ሰው፦
ኧረ ልጁ፣ ተንፍስ እንጂ!