ስፒከር የሚያከራይ ደሴ ውስጥ? አስቸኳይ! (የተማሪዎች ቴአትር)

ጀማሪው፦ ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ቴአትር አለን፣ ድምፅ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ነጎድጓዱ ጭራሽ አይሰማም! ዘፈኑም ሲለቀቅ ክራሩ አለ፣ ዘፋኟ የለችም። በኢርፎን ሁሉም ልክ ነው። ስፒከሩ ተቃጥሏል። ዛሬውኑ የሚያከራይ ጠቁሙኝ፣ ፍጠኑ!

የሸዋ በር ልጅ፦ ዘፋኟ የጦሳ ተራራን ብርድ ፈርታ ቀርታ ይሆናላ።

ሽቦ፦ ገመዱን ቀይረው።

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ ስፒከሩ ተቃጥሏል ያለህ ማነው? ማይክ ይሰማል? ከምንድነው የምታጫውተው?

ጀማሪው፦ ማይኩ ይሰማል። ከስልክ ነው። ትንሿ ጃክ ስልኩ ላይ፣ ትልቁ ጃክ ሚክሰሩ (ድምፅ መቀላቀያው) ላይ፣ ማይኩ አጠገብ።

ጋሽ መድረክ፦ ነጎድጓድን ከስልክ መጠበቅ ነው ጥፋቱ። መብራት ቢሄድስ? ስስ ጠፍጣፋ ላሜራ፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሚሆን፣ ላይኛውን ጠርዝ ጣውላ ላይ ቸንክራችሁ ከመጋረጃ ጀርባ ስቀሉ። ታችኛውን ጠርዝ በጓንት ይዞ ማወዛወዝ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ሸንተረሩ ስለሚያደነድነው ይንኳኳል እንጂ አያጉረመርምም። ለዝናብ ምስር በብረት ትሪ ላይ በዝግታ ማንከባለል፣ ለፈረስ ኮቴ ለሁለት የተከፈለ ቅል።

የሸዋ በር ልጅ፦ ጋሼ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥ ሊሠራ ነው እንዴ?

ሽቦ፦ ገመዱን ቀይረው አልኩ እኮ።

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ @ሽቦ፣ በዚያው ዓይነት ከቀየረው ምን ይፈይዳል? @ጀማሪው፣ ትልቁ ጃክ ላይ ጥቁር ቀለበቱን ቁጠር። ሁለት ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ጃኩ የስልኩን ግራና ቀኝ ይዞ ይገባል፤ ያ የሚክሰር ቀዳዳ ግን ባላንስድ ስለሆነ ከግራው ላይ ቀኙን ይቀንሳል። በሁለቱም እኩል ያለው ዜሮ ይሆናል። ዘፋኝ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ነው የሚቀዳው፣ ስለዚህ ይጠፋል። ነጎድጓድህ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት) ሳይሆን አይቀርም፣ ለዚያ ነው ጨርሶ የጠፋው። ኢርፎን አይቀንስም።

ለዛሬ ማታ፦ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት (Accessibility) ግባ፣ የድምፅ ባላንሱን ጥግ ድረስ ወደ ግራ ሳበው። ቀኙ ባዶ ከሆነ የሚቀነስ የለም። ግራና ቀኙን የሚቀላቅለውን ሞኖ ኦዲዮንም አብራ፣ አለዚያ በቀኝ ብቻ የተቀዳው ይቀርብሃል። ሞኖን ያለ ባላንሱ ካበራህ ግን ክራሩም ይሄዳል።

ጀማሪው፦ እሺ፣ የስፒከር ኪራዩስ?

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! አሥር ስፒከር ብትደረድር በዚያ ገመድ ያው ነው።

ባቲ ቅኝት፦ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊሞት ሲል እናትህ እንዳይደውሉ። በትዕይንቶች መሃል ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ ፒያኖ ከምትለቁ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ተማሪ ፈልጉ። ወሎ ተቀምጦ!

ሽቦ፦ ቆይ፣ ታዲያ የትኛውን ገመድ ነው መግዛት ያለበት?

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ ከትንሿ ጃክ ግራና ቀኙ ለየብቻ ወደ ሁለት ትልቅ ጃክ የሚከፈለውን። ፒያሳ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ጠይቁ። ጫፉ ቀይና ነጭ አርሲኤ ከሆነም ይሠራል፣ ወደ ትልቅ ጃክ የሚቀይር አዳፕተር ሁለት ጨምሩበት፤ ባለ አንድ ቀለበቱን። ሁለት ቻናል ላይ ሰክቶ የአንዱን ፓን (ድምፁን ግራ ወይም ቀኝ የሚያደርገውን ቁልፍ) ወደ ግራ፣ የሌላውን ወደ ቀኝ። ያኔ የስልኩን ባላንስ ወደ መሃል መመለስ ነው።