አሰብ ማጣሪያን የዘጋው ጦርነቱ አይደለም

ቀይባሕር፦ «ጦርነቱ አሰብ ማጣሪያን ባያዘጋው ዛሬ ነዳጅ በርካሽ እንቀዳ ነበር» የሚለው ወሬ ሰለቸኝ። ማጣሪያው የቆመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተጀመረው በግንቦት 1998። ሶቪየቶች የሠሩት፣ በ1967 ሥራ የጀመረ አሮጌ ብረት ነበር። ወጪው ነው ያቆመው።

መስመር12፦ «አሮጌ ብረት»? በዓመት 800 ሺህ ቶን ገደማ የማጣራት አቅም የነበረው፣ ሠላሳ ዓመት አገር ያንቀሳቀሰ ፋብሪካ ነው። ለሠራተኞቹ እንኳ ክብር ይኑርህ።

ቀይባሕር፦ 800 ሺህ ቶን በቀን 16 ሺህ በርሜል ነው፤ የናይጄሪያው ዳንጎቴ ማጣሪያ 650 ሺህ በርሜል ነው። ከመጠኑ የባሰው ግን አሠራሩ ነው። አሰብ ድፍድፍ ነዳጁን ይለያል እንጂ ከባዱን ቅሪት የሚሰባብር ክፍል አልነበረውም። ምድጃው 350 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል፤ ቤንዚን፣ ኬሮሲንና ናፍጣው ተንኖ በማማው ይለያል፤ ሥር የሚቀረው ጥቁር ዘይት ነው። ከመካከለኛው ምሥራቅ ድፍድፍ ብዙውን ጊዜ ከ40 በመቶ በላዩ ይሄው ነው። አገር የሚፈልገው ናፍጣ፣ የሚተርፈው ይሄ ጥቁር ዘይት፣ ፈርነስ ኦይል! እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከድፍድፉ ዋጋ በታች ነው የሚሸጠው።

ጫኝ፦ ታዲያ ቅሪቱን የሚሰባብር ክፍል፣ ክራከር፣ መጨመር ነዋ! ግብፅ ካይሮ አጠገብ ሞስቶሮድ ላይ የአሮጌውን ማጣሪያ ቅሪት ናፍጣ የሚያደርግ ፋብሪካ ተክላለች።

ቀይባሕር፦ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ፣ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ቅሪት እየመገበች። ቅሪቱን በሃይድሮጅን የሚሰባብረው ሃይድሮክራከር ከ100 ባር በላይ ግፊት የሚችል ሪአክተርና የራሱ ሃይድሮጅን ማምረቻ ይፈልጋል። ለ350 ሺህ ቶን ቅሪት ማን ይተክለዋል?

መስመር12፦ «አሮጌ» ላልከው አልመለስክም። ማጣሪያን ዕድሜ አይገድለውም፤ የጥገና ጉድለት ነው የሚገድለው። የድፍድፉ ጨው በደንብ ካልታጠበ ማማው አናት ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆኖ ተኑን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርገውን ኮንደንሰር ይበላዋል። ምድጃው ቱቦ ውስጥ ኮክ (ከሰል መሰል ቅርፊት) ሲጋገር ብረቱ ከልኩ በላይ ይግላል፣ ያብጣል፣ ይቀደዳል። በየአራት አምስት ዓመቱ አቁሞ፣ ከፍቶ፣ የተበላውን መቀየር ነው። ይሄ የተሟላላቸው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ማጣሪያዎች ሞልተዋል።

ታዛቢ፦ የኬንያው የሞምባሳ ማጣሪያስ? በ1963 ተከፍቶ በ2013 ማጣራቱን አቆመ። ጦርነት የለ፣ ወደቡ የራሳቸው።

ጫኝ፦ ወደቡ የራሳቸው ስለሆነ ታንኮቹ ለማከማቻ ቀሩላቸው። እኛ ምን ቀረን? ጥያቄው ወደቡ ነው።

ቀይባሕር፦ ወደቡን እዚህ አታምጣው። የተባለው ርካሽ ነዳጅ ነው፤ ድፍድፉም በዶላር ነው የሚገዛው።

መስመር12፦ ሬንጁም በዶላር ነው የሚገዛው! ያን ቅሪት አየሩ በተመጠጠ ማማ (ቫክዩም) አሳልፎ ለመንገድ ሬንጅ ማውጣት ሃይድሮክራከር አይጠይቅም። እሱን ያላሰላ ሰው «ወጪው ዘጋው» ሊለኝ አይችልም።