ብረት ቴስታታ ወይስ አሉሚኒየም?

ባለ ፕራዶው፦ ወንድሞች፣ እስኪ ፍረዱኝ። የፕራዶዬ ሞተር ዋን ኬዜድ የሚባለው ነው፣ ናፍጣ፣ 3 ሺህ ሲሲ። ፒስቶኖቹ የሚመላለሱበት ዋናው አካል፣ ሞኖብሎኩ፣ ብረት ነው፤ ከላዩ የሚከድነው ቴስታታ ደግሞ አሉሚኒየም። ባለፈው ከአዋሽ ሽቅብ ስንመለስ ሙቀቷ ቀዩን ነካ። ዛሬ ስትከፈት ቴስታታው በቫልቮቹ መሃል ተሰንጥቆ ተገኘ። መካኒኬ «ይሄን ቆርቆሮ ጣልና የላንድክሩዘሩን ሞተር፣ ዋን ኤችዜድን፣ አስገባ፣ ድፍን ብረት ነው፣ ጉልበትም አለው» ይለኛል። እውነት አሉሚኒየም ለኛ አገር አይሆንም?

የድሮ መካኒክ፦ ልክ ነው ልጄ። ብረት ቢሞቅም ይታገስሃል፣ አሉሚኒየም ግን ይጎብጣል። ከብረት ሞኖብሎክ ላይ ሲታሰር ደግሞ ባሰ። ሲሞቅ አሉሚኒየሙ እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ መሃል ቤት የሚሰቃየው በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው። ትልልቅ የጭነት መኪኖችን እዩ፣ ቴስታታቸው ምንድነው? ብረት!

የቨርጂኒያው፦ ጋሼ፣ በጥንካሬው አልከራከርዎትም። እኔን ያናደደችኝ «ጉልበት አለው» የምትለዋ ናት። እዚህ በፈረንጆቹ የ1996 ኢምፓላ ኤስኤስ መኪና አለኝ፣ ኤልቲ1 ሞተር፣ 5.7 ሊትር፣ ቴስታታው ብረት፣ 260 የፈረስ ጉልበት። ያው ሞተር ኮርቬት የምትባለው የስፖርት መኪና ላይ በአሉሚኒየም ቴስታታ 300 ይሰጣል። ሰዉ ሁሉ «አየህ፣ አሉሚኒየም 40 ፈረስ ጨመረ» ይላል። የለም። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ሌላ፣ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም አየሩ የሚታመቅበት መጠን፣ ሌላ፣ ጭስ ማውጫው ሌላ። ጉልበት የሚመጣው አየሩ ከሚገባበትና ከሚወጣበት ቀዳዳ ቅርፅ ነው፣ አየሩ እንደሆነ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም።

የቶርኖ ቤት ልጅ፦ እሱስ ይሁን፣ ግን አሉሚኒየም ሙቀትን በሦስት እጥፍ ያህል ቶሎ ያስተላልፋል። ቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጁ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሳያንኳኳ ኮምፕሬሽን መጨመር የሚቻለው በሱ ነው። ይሄ ጉልበት አይደለም?

የቨርጂኒያው፦ ኮምፕሬሽኑን ከጨመርክ አዎ። ካልጨመርክ ግን የሸሸው ሙቀት ፒስቶኑን መግፋት የነበረበት ነው፣ ያተረፍከው ክብደት ብቻ ይሆናል። ለነገሩ የሱ መኪና ናፍጣ ናት፣ ይሄ ወሬ እሷን አይመለከትም። ባለ ፕራዶው፣ አንተ ይልቅ ይሄን ስማ፦ ያንተ ሞተር አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ አለው፣ ዋን ኤችዜድ የለውም። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 4.2 ሊትር የሚለውን አይተህ እንዳትሸወድ፣ ለእንጦጦ ዳገት ያንተው ይሻላል።

የድሮ መካኒክ፦ እንጦጦ ላይ የሚያቆምህ የጉልበት ማነስ አይደለም፣ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው። ሀሀ።

የቶርኖ ቤት ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የተሰነጠቀ ዋን ኤችዜድም እጄ ላይ መጥቶ ያውቃል፣ በተለይ ሰዎች ከውጭ ቱርቦ የገጠሙለት። ብረት ሲሰነጠቅ ደግሞ ብየዳው ፈተና ነው፣ ቀድሞ በደንብ ካልሞቀ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ያወጣል። አሉሚኒየም በአርጎን ይበየዳል። ባለ ፕራዶው ግን ልብ በል፣ አንዴ ክፉኛ የሞቀ አሉሚኒየም ይለሰልሳል፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ አይችልም። ጎብጦም ከሆነ ከታች ብቻ አስልጦ መግጠም ሞኝነት ነው፤ ታቹ ቀጥ ሲል ላዩ እንደጎበጠ ይቀራል፣ ካምሻፍቱ ከላይ ስለሚቀመጥ ይነክሳል፣ ሲብስም ይሰበራል። ሰው ግን ርካሹን ነው የሚፈልገው፣ እኛም እንሠራለን፣ ምን እናድርግ።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦ ስለ ብረት ትጨቃጨቃላችሁ፣ ውሃውን የጠየቀ የለም! አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ 90 ገደማ ላይ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የያዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ብቻ ነው። ክዳኗ ከላላች አለቀ፣ ቴስታታህ ወርቅም ቢሆን። በዚያ ላይ የማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ ኩላንቱን፣ ትቶ የቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው አለ፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ዝገቱ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ ከዚያ «አሉሚኒየም አይረባም» ይባላል። ቴርሞስታቷን፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የምትከፍተውን፣ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ደግሞ አለላችሁ፣ «አገራችን ሞቃት ነው» እያለ። ባይፓስ፣ ማለትም ራዲያተሩን የሚዘል የውሃ መንገድ፣ ያለው ሞተር ላይ እሷ ስትወጣ ያን መንገድ የሚዘጋ ስለሌለ ከውሃው ገሚሱ ራዲያተሩን ሳይነካ መልሶ ወደ ሞተሩ ነው የሚሄደው።

የድሮ መካኒክ፦ በዚህስ ተስማማን። እኔ ብረት የምለው ይሄን ሁሉ ጥፋት ስለሚችልልን ነው እንጂ።

የቨርጂኒያው፦ እንግዲያው የሚያወሩት ስለ መካኒኩ ጥፋት ነው እንጂ ስለ ቴስታታው ጉልበት አይደለም ጋሼ።

ባለ ፕራዶው፦ አሁን መካኒኬ ጋ ደወልኩ። ክዳኑን ጠየቅኩት፣ «ደህና ናት» አለ። ቴርሞስታቱንስ ስለው «እሱንማ አምና ነው ያወጣሁልህ፣ እንዳይሞቅብህ ብዬ» አለኝ።