በቀቀንን «በነፃ ለሚንከባከብ» መስጠት ይቅር ወይስ ይቀጥል? የጅማ ወፍ አሳዳጊዎች ክርክር

ጅሬን (አወያይ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቱ አገር ሲለቅ፣ ሲታመም ወይም ጠባብ ቤት ሲገባ «በቀቀን በነፃ ለሚንከባከብ ሰው» ብሎ ይለጥፋል። ወዲያው አንድ ሰው መጥቶ ይወስዳታል። ከዚያ በዚያው ፎቶ፣ በሌላ ስልክ ቁጥር፣ ዋጋ ተቆርጦላት ትቀርባለች። ገሚሶቻችሁ በነፃ መስጠት ይቅር፣ ዋጋ ይተመን ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ዋጋ ከተመንን እኛም ነጋዴ ሆንን፣ አቅም የሌለው ጥሩ አሳዳጊም ተገፋ ትላላችሁ። የምታውቁትን አሠራር በዝርዝር ጻፉ። ስድብ አይፈቀድም።

ሂርማታ፦
እኔ ዋጋ ይኑር ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ሒሳብ ነው። አትራፊው የሚኖረው በተቀበለበትና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ነው። በነፃ ያገኛትን ወፍ በስንትም ቢሸጣት ትርፍ ነው። ስለዚህ ገዢ አይመርጥም፣ መኖ አያወጣባትም፣ ቶሎ ማራገፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። የተተመነላት ዋጋ ለገበያው ዋጋ ከተጠጋ ግን ድካሙን አያዋጣውምና ይተዋታል።

ደግሞም «ከነኬጁ» ብላችሁ አትለጥፉ። ብዙዎቹ ከወፏ ይልቅ ኬጁን ነው የሚፈልጉት፤ ለየብቻ ይሸጡታል። ኬጅ እንዳለ የሚነገረው ተቀባዩ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ይሁን።

የአጂፕ ልጅ፦
ሂርማታ ወንድሜ፣ ዋጋ ድሃውን አትራፊ ያስቀራል እንጂ ገንዘብ የያዘውን አያስቀርም። እሱ ከፍሎ ይወስዳታል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በካርቶን አስጭኖ አዲስ አበባ ላይ አትርፎ ይሸጣታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብር ከተቀበልክ በኋላ አፍህ መዘጋቱ ነው። «ገዝቻታለሁ፣ ምን አገባህ» ይልሃል። በቅድመ ሁኔታ በሰጠኸው ነገር ላይ ግን ቃል አለህ፤ ሄደህ «ወፏን አሳየኝ» ማለት ትችላለህ።

እኔ የምለው ዋስ ነው። ቤት ስንከራይ፣ ሰው ስንቀጥር ዋስ እንጠይቅ የለ? በቀቀን የሚወስድ ሰውም ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ዋስ ይዞ ይምጣ። እውነተኛ አሳዳጊ ጎረቤቱን ወይም የእድር ጓደኛውን ይዞ ለመምጣት አይቸገርም። ከሰፈር ሰፈር የሚዞር አትራፊ ግን ቤቱን የሚያውቅ ሰው እንዲከተለው አይፈልግም።

ቦዬ ዳር፦
ከዋጋውም ከዋሱም በፊት ወፏ ምን ዓይነት ናት? ይህን የሚጠይቅ አላየሁም።

በእኛ አካባቢ በበለጠ ገራ ደን ግንባረ ቢጫው አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። በደጋው ያለው ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ በቀቀን ደግሞ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ቀይ የላትም። ሁለቱም የዱር ወፎች ናቸው። በወጥመድ የተያዘን የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ይከለክለዋል። እንዲህ ዓይነት ወፍ እጁ ላይ ያለ ሰው ስለ ዋጋ መከራከሩን ትቶ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ውልም አያድነውም፤ ሕግ በከለከለው ነገር ላይ የተጻፈ ውል ፍርድ ቤት አይጸናም።

ጅራቱ ቀይ የሆነው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን የእኛ አገር ወፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት) ጉባኤ ጥብቅ ጥበቃ ወደሚደረግበት አንደኛው ሠንጠረዥ ከፍ ብሏል፤ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከዱር የተያዘውን በአገሮች መካከል ለንግድ ማዘዋወር ተከልክሏል። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ግራጫ በቀቀን የሚሸጥላችሁን ከየት አመጣኸው በሉት። ወረቀት ያላት ወፍ ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱን አሳልፋችሁ ስትሰጡ ተጠንቀቁ። አትራፊው የዚያችን ወፍ ወረቀት ይዞ ሌላ ወረቀት የሌላትን ወፍ ይሸጥበታል። በወረቀቱ ላይ ያለው የቀለበት ቁጥር እግሯ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሁለታችሁም አይታችሁ ፈርሙበት።

ፈረንጅ አራዳ፦
ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ወደ ደን ወስዶ መልቀቅ አይሻልም? ወፍ ለሰማይ ነው የተፈጠረው።

የእንስሳት ሐኪም ከኮቺ፦
ፈረንጅ አራዳ፣ ሐሳብህ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ለወፏ ግን ሞት ነው። በእጅ ያደገ በቀቀን ምግብ ፈልጎ ማግኘትን አልተማረም። ክንፏ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ አዲስ ላባ እስኪያወጣ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ የጭልፊት ሲሳይ ናት። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። የበቀቀኖች የመንቁርና የላባ በሽታ የሚባል የቫይረስ ሕመም አለ፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የእኛው ግንባረ ቢጫ ዘመድ በሆነው በኬፕ በቀቀን ላይ በዱር ተገኝቷል። ጤነኛ የምትመስል የቤት ወፍ በለጠ ላይ ብትለቀቅ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ ለሌለው ወፍ በሽታ አደረስን ማለት ነው። እባካችሁ አትልቀቁ።

ወደ አትራፊው ልመለስ። እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ ይልቅ የጤናው ጉዳይ ነው። አትራፊ ከአምስት ቤት የሰበሰባቸውን አምስት ወፎች አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ኬጅ ውስጥ። ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለው ባክቴሪያ በደረቀ ኩስና በላባ ብናኝ አየር ላይ ይሄዳል፤ ከአንዷ ወደ ሁሉም ይዛመታል። ከዚያ ወፎቹ ወደ አምስት ሌሎች ቤቶች ይሄዳሉ። ሰውንም ይይዛል፦ ከ5 እስከ 14 ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ ከዚያም የሳንባ ምች። ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ቤቴ በቀቀን አለ» ካላላችሁ ሐኪሙ ወባ ወይም ታይፎይድ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ወፏ ስትታከም የተለመደው ዶክሲሳይክሊን ለ45 ቀን ነው። አትራፊ ያን ያህል ይጠብቃል ብላችሁ ታስባላችሁ?

በቀቀን ሕመሟን ትደብቃለች። ምልክቱ ሲታይ ብዙ ቆይቷል። ስለዚህ ክብደት መዝኑ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ በግራም የሚያሳየው፣ ይበቃል። ጤነኛ ግራጫ በቀቀን ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 550 ግራም ናት። ጠዋት ሳትበላ መዝናችሁ ከራሷ የቀድሞ ክብደት አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ሐኪም የሚያስፈልጋት ወፍ ናት። ደረቷን ስትነኩ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ፣ ቁጭ ብላ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘ፣ ቀን ላይ ላባዋን ነፍታ ካንቀላፋች፣ የኩሷ ነጭ ክፍል አረንጓዴ ከሆነ አትውሰዱ። «ዝምተኛ ናት፣ ለማዳ ናት» የሚባልላት ወፍ ብዙ ጊዜ የታመመች ናት።

ሂርማታ፦
ዶክተር እናመሰግናለን። ይህ የኔን ነጥብ ያጠናክራል፤ በነፃ የመጣችን ወፍ ማን 45 ቀን ያክማል?

የአጂፕ ልጅ፦
በብር የተገዛችውንም አያክምም ወንድሜ። ወጪውን ለመመለስ ጭራሽ ይቸኩላል።

እትዬ ቢሺሼ፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ስለ በሩ ነው የምትከራከሩት፤ ሰውየው በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ይለያል። በስልክ ስታናግሩት የሚጠይቀውን ስሙ። «ትናገራለች ወይ? ስንት ዓመቷ ነው? ወንድ ናት ሴት? ዛሬ መምጣት እችላለሁ?» ካለ ለገዢ የሚያወራውን እየሰበሰበ ነው። አሳዳጊ «ምን ትበላለች? ማታ የት ትተኛለች? ምን ያስፈራታል? ስትናደድ ትነክሳለች?» ነው የሚለው። ሌላው ምልክት «ለታመመ ልጄ ነው» የሚል ልብ የሚነካ ታሪክ ይዞ ቤቱን ለማሳየት ግን እምቢ ማለት ነው።

ቤቱን ሳታዩ አትስጡ። ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዱን ቡና በሚፈላበት ሰዓት አድርጉት። በእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ከሰልና እጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ኬጅ ከተሰቀለ ቀስ በቀስ ይገድላታል። ሌላ ክፍል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻ ባዶውን ከጋለ የሚያወጣው የማይታይ ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። አቮካዶ በየጓሮው ባለበት ጅማ ለበቀቀን አቮካዶ መርዝ መሆኑን ያላወቀ ሰው ወፍ ለመውሰድ ገና ነው። ቡናም፣ ቸኮሌትም፣ ጨውም እንዲሁ። ሱፍ ብቻ እየሰጠሁ አሳድጋታለሁ የሚልም አለ፤ ግራጫዋ ካልሲየም ያንሳትና ትንቀጠቀጣለች። የተቀቀለ በቆሎ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ እንቁላል መጨመር አለበት።

ኬጁንም እዩ። በየብየዳ ቤቱ የሚሠራው አዲስ የሚያብለጨልጭ ሽቦ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ወፏ ስትነክሰው ትመረዛለች። በኮምጣጤና በብሩሽ ደጋግሞ ፈትጎ ማጠብ አደጋውን ይቀንሳል። ለግራጫ በቀቀን ቢያንስ 60 በ60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ የሽቦው ክፍተትም 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ይህን ሁሉ እያየ የሚታገሥ ሰው አትራፊ አይደለም። አትራፊ ሁለተኛውን ጉብኝት አይጠብቅም።

ጅሬን (አወያይ)፦
እትዬ፣ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በዚህ አጋጣሚ ስለ ፎቶ ልጨምር። የእግር ቀለበቷን ሙሉ ቁጥር፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ) ካላትም 15ቱን አኃዝ በአደባባይ አትለጥፉ። የተለጠፈ ቁጥር ለሐሰት ወረቀት ይውላል። ወፏ እጁ ላይ ሳትኖር በእናንተ ፎቶ ብቻ «ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር ላክ» እያለ የሚሰበስብም አለ። የጥፍሯን፣ የመንቁሯን ጠርዝ፣ የእግሯን ቅርፊት በቅርብ ያነሳችሁትን ለማንም ሳታሳዩ አስቀምጡ። ነገ «ይህች የእኔ ወፍ ናት» ለማለት የሚረዳችሁ ያ ነው። የለጠፋችሁትን ፎቶ ደግሞ በጉግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያው) አልፎ አልፎ ፈልጉ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ስለ መልቀቁ ገብቶኛል ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ግን ዋሱም ቢሆን ከአትራፊው ጋር ቢስማማስ? ለወፍ ዋስ ሆኖ የተጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

የአጂፕ ልጅ፦
ልክ ነህ፤ እሱ ራሱ ያመጣው ዋስ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው ዋሱን እናንተ ከሰፈሩ ሰው ጠይቃችሁ የምታጣሩት። የእድሩን ጸሐፊ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ለሂርማታም አንድ መንገድ ልተው። ዋጋ ከማለት መያዣ እንበል። ገንዘቡ ሁለቱም በሚያምኑት ሽማግሌ እጅ ይቀመጥና ወፏ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር በአካል ከታየች በኋላ ይመለስ። አቅም ለሌለው መያዣው ይቅርና ዋሱ ይበቃው። አትራፊ ገንዘቡ ስድስት ወር ታስሮ ሥራ አይሠራም። እኛም ነጋዴ አልሆንንም።

ሂርማታ፦
መያዣው ለገበያ ዋጋዋ ከቀረበ እቀበላለሁ። ትንሽ ከሆነ ግን መያዣውን ጥሎ ወፏን ይሸጣታል። ልዩነቱን ያያል እኮ። ወረቀቱስ?

ቦዬ ዳር፦
ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሁለቱ ወገኖች ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የወፏ ዓይነት፣ የቀለበት ቁጥር፣ የዕለቱ ክብደት፣ ፎቶ፣ ሁለት ምስክር። «ማሳደግ ካልቻልኩ ለሰጪው እመልሳለሁ እንጂ ለሌላ አልሰጥም፣ አልሸጥም» የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ይህን ካፈረሰ የሚከፍለው መቀጫም በቁጥር ይጻፍ። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ይህ የሚሠራው በሕግ ልትያዝ ለምትችል ወፍ ብቻ ነው። በመያዣው ጉዳይ ከሂርማታ ጋር ነኝ፤ ትንሽ መያዣ ከንቱ ነው።

እትዬ ቢሺሼ፦
እኔ በመያዣው አልስማማም። ገንዘብ የገባበት ነገር ሽማግሌውንም ያጣላል። ጉብኝቱና ዋሱ በቂ ናቸው።

ጅሬን (አወያይ)፦
በመያዣው ላይ እንዳልተስማማን ይያዝ። ኬጅን በማስታወቂያ ላይ አለመጥቀስ፣ ሁለት ጉብኝት፣ የሚጣራ ዋስ፣ አንድ ገጽ ወረቀት፤ በእነዚህ ላይ ተቃውሞ አላየሁም። አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ ወፏ አስቀድሞ ከተሸጠችስ?

የእንስሳት ሐኪም ከኮቺ፦
አትራፊው ላይ አትዛቱ። የፈራ አትራፊ ወፏን በዚያው ሌሊት ያሸሻል። ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፣ ቀኑንና ስልክ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ወረቀት ካላችሁ ለፖሊስ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉ በፊት ግን የመጨረሻውን ገዢ ፈልጉ። እሱም ተታልሏል፤ «አንድ ዓመቷ ነው» ተብሎ 20 ዓመት የሞላትን ገዝቶ ሊሆን ይችላል። የግራጫ በቀቀን ዓይን ሕፃን ሳለች ጥቁር ግራጫ ነው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ቀለበት ዕድሜ በዓይን አይለይም። ወፏን ባይመልስላችሁ እንኳ የምትበላውን፣ የታመመችውን፣ የወሰደችውን መድኃኒት፣ የመጨረሻ ክብደቷን ጽፋችሁ ላኩለት። ሌሎች ወፎች ካሉት ከ30 እስከ 45 ቀን በሌላ ክፍል ለብቻዋ እንዲያቆያት፣ መጀመሪያ የራሱን ወፎች መግቦ እሷን መጨረሻ እንዲመግብ፣ ከዚያ እጁን እንዲታጠብ ንገሩት።